የእህቴ ባል ሳራውንድ ለምን ያጉረመርማል?

ሳራውንድ፣ ማለትም ድምፁ ከፊትም ከኋላም የሚከበን የስፒከር ስብስብ፣ የገዛ ሰው ቤቱ ሲጠራኝ መጀመሪያ የሚያሰማኝ ፊልም አይደለም። ጩኸቱን ነው። "ቆይ፣ ዝም በሉ እስቲ። ስሚው… ሰማሽው?" ይለኛል። እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ በሽታው ምን እንደሆነ የሚናገረው ራሱ ጩኸቱ ነው። ሰው ግን ሳያዳምጥ ወደ ካቻቢቴ ይሮጣል። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ግማሹ ብሎን ከጠፋ በኋላ ነው እኔ የምታወሰው።

ለማታውቁኝ፣ መተዳደሪያዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ያለ አንድ ቢሮ ውስጥ ደረሰኝ ስደምር እውላለሁ። አባቴ ግን መጋላ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማርፈው እሱ ሱቅ ነው። ምጣድ ከመልመዴ በፊት የብየዳ ካውያ ለመድኩ። አባቴ ክዳን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ደቅኖ ያዳምጣል። ደንበኛው ይቁነጠነጣል። "አቦ፣ ይሰራል አይሰራም?" ይላል። አባቴ እጁን አንስቶ ዝም ያሰኘዋል። ማዳመጡን ከሱ ወሰድኩ፤ ትዕግስቱን ግን ያን ያህል አልወሰድኩም።

ሰሞኑን የጠራኝ የእህቴ ባል ነው።

የሚኖሩት ከዚራ ነው፤ ከድሮዎቹ ቤቶች በአንዱ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ወዲህ ከተሰሩት፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ሙቀቱን በደንብ ይከላከላሉ። ለሽቦ ግን አይመቹም። ግድግዳ መብሳት አበሳ ስለሆነ መብራቱም፣ የዲሹ ኬብልም፣ የፋኑ ሽቦም ሁሉም በላይ በላዩ ተዘርግቶ ነው ያለው።

ወንድሙ ከጅቡቲ አምፕሊፋየር ላከለት። ፋይቭ ፖይንት ዋን የሚባለው ነው፤ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ፣ መሃል አንድ፣ ከኋላ ሁለት፣ ነጥብ አንዱ ደግሞ ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ሳብዉፈሩ። ሳቡ የመጣው ከዱባይ ነው። ፕለጉ ባለ ሶስት ጠፍጣፋ እግር የእንግሊዝ ፕለግ ነው። ኬብሎቹን እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገዛቸው። ራሱ ገጣጠመው። አበራው። "እምምምምም…"

አንድ ጠጋኝ መጥቶ "ትራንስፎርመሩ ሄዷል፣ ይቀየር" ብሎታል። ሌላ ወዳጁ ደግሞ ትንሽ አዳፕተር በእጁ አስይዞታል። "ሳቡን በዚህ ሰካው፣ ወዲያው ይጠፋል" ብሎት። ስደርስ አዳፕተሩን እንደ ክታብ ጨብጦ ቆሟል።

አልነካሁትም። ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ጩኸት አይነት አለው። "ሽሽሽ" የሚል፣ ነፋስ የሚመስል ድምፅ ከሆነ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ትንፋሽ ነው። ጆሮህን ስፒከሩ ላይ ለጥፈህ ብቻ የምትሰማው ከሆነ ተወው፤ ጤነኛ ነው። ድምፅ መጨመሪያውን ስታዞር "ክርርር፣ ጣ" የሚል ከሆነ መጨመሪያው ውስጥ አቧራ ገብቷል። ድሬ ላይ አቧራ የማይገባበት ነገር የለም፤ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ማጽጃ ስፕሬይ ተነፍቶበት ደጋግሞ ማዞር ነው። "ዝዝዝ" የሚል ሹል ድምፅ ከሆነ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር መብራቱን እየቆራረጠው ነው። ወፍራም "እምምም" ከሆነ ግን መብራቱ ራሱ ነው። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ያ 50 ኸርዝ ድምፅ መስመር ውስጥ ሲገባ እንደዚህ ያጉረመርማል። እጥፉ፣ 100 ኸርዙ፣ ሻከር ይላል። እሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአምፕሊፋየሩ ሆድ፣ መብራቱን ወደ ዲሲ፣ ወደማይመላለስ ጅረት፣ ከሚቀይረው ክፍል ነው።

የእህቴ ባል ቤት የነበረው ወፍራሙ ነው።

ቀጥሎ ድምፁን ቀነስኩት። ጉርምርምታው አብሮ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ነገር ይናገራል። ጩኸቱ ከድምፅ መጨመሪያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የሚገባው ከመጨመሪያው በፊት ነው፤ ከዲሽ ሪሲቨሩ፣ ከቲቪው ወይም በመሃል ካለው ኬብል። ድምፁን ዜሮ ብታደርገውም ንቅንቅ የማይል ከሆነ ደግሞ ከመጨመሪያው በኋላ ነው። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ምንም ወዳልተሰካበት መግቢያ ቀየርኩት። አምስቱ ስፒከሮች ዝም አሉ። ከሳቡ ብቻ ቀጭን ጉርምርምታ ቀረ። የሄደ ትራንስፎርመር መግቢያ በመቀየር አይድንም። ስለዚህ የጠጋኙ ምርመራ እዚሁ ላይ አበቃ።

አሁን መንቀል ነው። ጉርምርምታውን ክፍት አድርጌ አንድ በአንድ ነቀልኩ። ፍላሹ፣ ምንም። የቲቪው ኤችዲኤምአይ፣ ምንም። ከዚያ ከሪሲቨሩ ጀርባ የዲሹን ኬብል ፈታሁት።

ጭጭ።

ሳቡም ጭምር። እህቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "መብራት ሄደ እንዴ?" አለች።

መልሼ ነካ ሳደርገው፣ ገና ሳላጠብቀው፣ ብረቱ ብረቱን ሲነካ "እምምም" ይመለሳል። ሳነሳው ይጠፋል። የእህቴ ባል ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። "እና ዲሽ ልተው ነው?" አለኝ።

ኬብሉን ተከትዬ ወጣሁ። ዲሹ እነሱ ጣሪያ ላይ የለም። ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው። ሁለቱ ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ዲሽ ተክለዋል፤ ኤልኤንቢው፣ ዲሹ ፊት ላይ ያለው ሞገድ ተቀባይ ጭንቅላት፣ ባለ ሁለት መውጫ ነው። አንዱ ኬብል ወደ ጎረቤት፣ ሌላው በግቢው አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ወደ እህቴ ሳሎን። የዲሽ ኬብል ደግሞ መሃሉ ላይ ካለው ቀጭን መዳብ ሌላ ዙሪያውን የሚከበው የሽቦ መረብ አለው። ያ መረብ የኤልኤንቢውን አካል፣ የእነሱን ሪሲቨር ቀፎና የጎረቤትን ሪሲቨር ቀፎ አንድ ላይ ያስራል። ሁለት ቤት፣ ሁለት ቆጣሪ፣ አንድ ሽቦ።

የሪሲቨር ቀፎ ሲነካ እጃችሁን ነዝሯችሁ ያውቃል? ድሬ ውስጥ ያልተነዘረ ያለ አይመስለኝም። ሪሲቨሩ ፕለጉ ባለ ሁለት እግር ነው፤ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የለውም። ውስጡ ግን ጩኸት ለማጣራት ተብሎ ከመብራቱ መስመር ወደ ቀፎው የተያዘ ትንሽ ካፓሲተር፣ ቻርጅ የሚያጠራቅም እቃ፣ አለ። በሱ በኩል እጅግ ትንሽ ጅረት ወደ ቀፎው ይሾልካል። መሬት የሚያደርሰው መንገድ ሲያጣ እዚያው ቀፎው ላይ ይጠብቃል። ስትነኩት መንገዱ እናንተ ትሆናላችሁ። ለዚህ ነው የሚነዝረው።

እህቴ ቤት ያ ጅረት መንገድ አግኝቷል። የራሳቸው ሪሲቨር የሚያሾልከው አለ። የጎረቤት ሪሲቨርና ከሱ ጋር የተያያዘው ቲቪ የሚያሾልኩት ደግሞ በዲሹ ኬብል መረብ በኩል ይመጣል። ሁሉም ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው ቀይና ነጭ ኬብል ውስጥ ያልፋል፤ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሳቡ፣ ከሳቡ በሶስተኛው እግር ወደ ግራውንድ። ችግሩ እዚያ ቀይና ነጭ ኬብል ላይ ነው። የኬብሉ መረብ ለድምፁም መመለሻ ነው። ጅረቱ ሲያልፍበት በመረቡ ላይ ትንሽ ቮልት ይፈጥራል። አምፕሊፋየሩ ያንን ከዘፈን አይለይም፤ እሱንም አጉልቶ ያወጣዋል። ግራውንድ ሉፕ፣ የግራውንድ ክብ፣ የሚባለው ይህ ነው።

የጓደኛው አዳፕተር ለምን "ይሰራል" እንደተባለ እዚህ ላይ ይገባችኋል። ባለ ሁለት እግር ነው። የሳቡን ሶስተኛ እግር ከግራውንድ ይቆርጠዋል። መውጫው ሲዘጋ ጅረቱ ያንሳል፤ ጉርምርምታውም ይቀንሳል። ግን ሳቡ ግራውንድ የተሰጠው ለጌጥ አይደለም። ውስጡ አንድ ሽቦ ተላቅቆ ቀፎውን ቢነካ ያንን ጅረት ወደ መሬት የሚወስደው ያ እግር ብቻ ነው። በአዳፕተሩ ተቆርጦ ከሆነ 220 ቮልት ቀፎው ላይ ይቀመጣል። እቤት ውስጥ የሚድሁ ልጆች አሉ። አዳፕተሩን ከእጁ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስካሁን አልመለስኩለትም፤ አልመልስለትምም። የፕለግ ግራውንድ እግር በፒንሳ ነቅሎ "አስተካከልኩልህ" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሂሳቡን ክፈሉና አሰናብቱት። ሁለተኛ አትጥሩት።

ሌላም ነገር አየሁ። ብዙ የድሮ ቤት ሶኬት የግራውንድ ብረቱ ከፊት ይታያል፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለውም። መኖሩን ማየት አይበቃም፤ በሜትር መለካት አለበት። ሽቦው ቢኖርም መሬት ውስጥ የተቀበረው ብረት እርጥበት ይፈልጋል። የድሬ አፈር ደረቅ ነው፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ደግሞ አሸዋ ነው። ደረቅ አሸዋ ጅረት አይቀበልም። ለዚህ ነው የድሮ ኤሌክትሪሻኖች ብረቱ ዙሪያ ከሰልና ጨው ቀብረው ውሃ አጠጡ የሚሉት። የእህቴ ቤት ግራውንድ ጓዳው በኩል ደህና ነው። ሳሎኑን የሚመግበው ዲቫይደርም ከዚያው የተሳበ ነው። አምፕሊፋየሩም፣ ቲቪውም፣ ሳቡም ከዚያ ከአንዱ ዲቫይደር ላይ እንዲሰኩ አደረግሁ። አንዱ ከሳሎን ሌላው ከመኝታ ቤት ሶኬት ሲሆን ነው ግራ መጋባቱ የሚብሰው።

አሁን የዲሹ ነገር። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ "በአንቴና ኬብሉ ላይ ማግለያ ጨምሩ" የሚል ምክር ሞልቷል። ማግለያው የኬብሉን መረብ ቆርጦ የድምፅና የምስል ሞገዱን ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ እቃ ነው። ያ ምክር በኬብል ቴሌቪዥን ለሚኖር አገር ነው የተጻፈው። የዲሽ ኤልኤንቢ የሚሰራው ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል በሚልክለት 13 ወይም 18 ቮልት ዲሲ ነው፤ የሞገዱን አቅጣጫ፣ ቨርቲካል ይሁን ሆሪዞንታል፣ የሚመርጠውም በዚያው ነው። ተራው ማግለያ ዲሲ አያሳልፍም። ጉርምርምታው ይጠፋል፤ ዲሹም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ክቡን የምትቆርጡት ዲሹ ጋ ሳይሆን ድምፁ ጋ ነው።

መቁረጫው ደግሞ ቲቪው ጀርባ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ ኦፕቲካል መውጫው። ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ቶስሊንክ የሚባለው ነው። ድምፁን በቀይ ብርሃን ነው የሚልከው። ብርሃን ደግሞ 50 ኸርዝ ጅረት ተሸክሞ አይሄድም። ኬብሉ ፕላስቲክ ነው፤ ቀፎ ከቀፎ አያገናኝም። ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪው፣ ቲቪውን በኦፕቲካል ወደ አምፕሊፋየሩ። ቀይና ነጩን ነቅዬ ጣልኩት። የዲሹን ኬብል መልሼ አጠበቅሁት። ዝም ያለ ነው። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ፤ "ሽሽሽ" ብቻ።

የቲቪውን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ኬብል ወደ አምፕሊፋየሩ በሚመልሰው በኤአርሲ ለምን አላደረግሽም ያለኝ ሰው አለ። ኤአርሲ በ2009 እ.ኤ.አ. በኤችዲኤምአይ 1.4 የመጣ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፤ በአንድ ሪሞት ሁሉንም ታዛላችሁ። ግን መዳብ ነው። ቀፎዎቹን መልሶ ያስራል፤ ጅረቱም በሳቡ ኬብል በኩል መንገዱን ያገኛል። እዚህ ቤት አይሆንም።

ጩኸቱ ሲጠፋ ሌላው ገመና ወጣ። የእህቴ ባል ይህን ሁሉ ጊዜ ሳራውንድ ሰምቶ አያውቅም። በቀይና በነጭ ኬብል የሚሄደው ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። አምፕሊፋየሩ ያንኑ ሁለት ወስዶ ለአምስቱ ሲያከፋፍል ነበር። ይህን ስነግረው አላመነኝም። "ከኋላ ይጮሃል እኮ!" አለኝ። ይጮሃል፤ የፊቱን ነው የሚደግመው።

ኦፕቲካሉን ስንሰካ ደግሞ የኋላዎቹ ጭራሽ ዝም አሉ። ደነገጠ። ይህ ብዙ ሰው "ስፒከሬ ተቃጠለ" የሚልበት ቦታ ነው። የቲቪውን የድምፅ ሴቲንግ ከፈትኩ። የዲጂታል መውጫው ፒሲኤም፣ ያልተጨመቀ ድምፅ፣ ላይ ነበር። በኦፕቲካል ፒሲኤም ማለት ሁለት ቻናል ማለት ነው። ኦፕቲካል አምስት ነጥብ አንድን የሚያሳልፈው ተጨምቆ፣ በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ፣ ሲመጣ ነው። የተጨመቀውን እንዳለ ወደሚያሳልፈው፣ ወደ ቢትስትሪም ቀየርኩት፤ አንዳንዱ ቲቪ አውቶ ይለዋል። ፍላሹ ላይ የነበረ አንድ ፊልም ከፈትኩ። አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ "ዶልቢ ዲጂታል" የሚል ጽሑፍ በራ። ከኋላችን ዝናብ መዝነብ ጀመረ። የእህቴ ልጅ መስኮቱን ልትዘጋ ተነሳች። በድሬ ሰማይ ዝናብ መጣ ብላ ማመኗ ራሱ ይገርማል።

ከዚያ ወደ ዲሽ ቻናል ቀየርን፤ ኋላው እንደገና ፀጥ። ይህ ብልሽት አይደለም። የዲሽ ቻናሎቻችን አብዛኞቹ ድምፃቸውን በሁለት ቻናል ነው የሚልኩት። ያልተላከ ነገር ከኋላ አይወጣም። ኳስ ላይ የደጋፊው ጩኸት እንዲከበው ከፈለገ አምፕሊፋየሩ ላይ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክን ይምረጥ፤ ከሁለቱ ገምቶ ኋላውን ይሞላዋል። ግምት ነው፤ ግን ለኳስ ይበቃል። አንዳንድ ቲቪ ደግሞ በኤችዲኤምአይ የገባለትን ድምፅ በኦፕቲካል ሲያወጣ ወደ ሁለት ይቀንሰዋል። ሴቲንጉን ሁሉ አይታችሁ ኋላው እንቢ ካለ ስፒከሩን አትክሰሱ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን ቴስት ቶን አስኬዱ። በየተራ "ሽ… ሽ… ሽ…" እያለ ይዞራል። አምስቱም ከተናገሩ ስፒከርና ሽቦ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ምንጩ ጋ ነው።

ቴስት ቶኑ ሲዞር የኋላው ግራ ተንጣጣ። የስፒከሩን ችግር ከአምፕሊፋየሩ መለየት ቀላል ነው። ማጥፋት፣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የኋላ ግራና ቀኝ ሽቦዎችን ማለዋወጥ፣ ማብራት። መንጣጣቱ ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ነው። እዚያው ግራ ከቀረ ሽቦው ወይም ስፒከሩ ነው። እዚያው ቀረ። ስፒከሩን በሜትር ለካሁት። 8 ኦም የተጻፈበት ጤነኛ ስፒከር በሜትር 6 ወይም 7 ገደማ ያሳያል፤ የተቃጠለ ከሆነ ምንም አያሳይም። ደህና ነው። ቀረ ሽቦው።

ሽቦው ያለፈው በፍራሹ ስር ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት የእህቴ ባል ጓደኞች በርጫ የሚቀመጡበት ፍራሽ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ክርን፣ ያ ሁሉ ትራስ። ፍራሹን ሳነሳ ሽቦው ተጨፍልቆ ልባሱ ተላጧል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው የያዙት። መንጣጣቱ ይሁን፤ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ አምፕሊፋየሩ ነበር የሚሄደው። ትንሽ ወፈር ያለ ሽቦ ተገዛና በግድግዳው ጥግ ተዘረጋ። እሱ "ያስጠላል" አለ። እህቴ በሽቦው ጉዳይ ከኔ ጎን ቆመች።

መቼም እጄ ከገባ አይቀር ፖላሪቲውንም፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በቦታቸው መሆናቸውን፣ አየሁ። ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ወስዳችሁ ፖዘቲቩን በቀዩ፣ ኔጋቲቩን በጥቁሩ ለአፍታ ብትነኩ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ መገፋት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። አንዱ የተገለበጠ እንደሆነ ቤዙ ይሞታል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግራ ያጋባል። የፊቱ ቀኝ ተገልብጦ ነበር። ይህን ሳስተካክል የተሰማው ለውጥ ሳቡ ከሰጠው ይበልጣል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ማታ ላይ ደወለ። "ሌላ መጣ" አለኝ። በስልክ አሰማኝ። ሹል "ዝዝዝ" ነው። ድሮም ነበር፤ ትልቁ ጉርምርምታ ሸፍኖት ነው እንጂ።

"ፋኑ በርቷል?" አልኩት።

"ድሬ ነው ያለሁት፣ ሳይበራ ይዋላል እንዴ?"

"ጨምረው እስቲ። እስከ መጨረሻው።"

ዝዝዝታው አነሰ። "መሃል ላይ አድርገው።" ጨመረ። አለቀ፤ ፋኑ ነው። ፋኑም ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለው የሚዞረው መቆጣጠሪያ። ዘመናዊዎቹ ፍጥነት የሚቀንሱት የመብራቱን ሞገድ በየዙሩ እየቆረጡ ነው። በእያንዳንዱ ቆረጣ ሹል ጩኸት ወደ መስመሩ ይረጫል። እስከ ጥግ ሲከፈት መቁረጡን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ መሃል ላይ ነው የሚብሰው። መብራት ማደብዘዣም እንደዚሁ ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀርም አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል።

ፋን አጥፉ ብሎ መምከር እዚህ ከተማ ውስጥ ከሰው ጋር ያጣላል። ሁለት ነገር አደረግን። ወደ ሳቡ የሚሄደው ረጅም ኬብል ከፋኑ ሽቦ ጋር ግድግዳውን ተያይዘው ነበር የሚሄዱት። እሱን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛወርነው፤ መሻገር ግድ ባለበት ቦታ ቀጥ ብሎ፣ በመስቀለኛ እንዲያልፍ። ኬብሉንም ቀየርነው። የድሮውን በምላጭ ስሰነጥቀው መረብ የተባለው ነገር በጥቂት ክር የተጠመዘዘ ነው፤ መሃሉን አይሸፍንም። ቀጥሎ የፋኑ መቆጣጠሪያ በካፓሲተር በሚሰራውና በደረጃ በሚቀየረው ተተካ። ያኛው ሞገዱን አይቆርጥም። "ጣ፣ ጣ" እያለ ይዞራል፤ ለስለስ ያለ ፍጥነት አይሰጥም። ግን ዝም ይላል።

በአንድ ነገር እህቴን አስቀይሜያለሁ። አምፕሊፋየሩ ላይ በእጇ የሰራችውን ዳንቴል አልብሳዋለች። ከዚያ መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ ዘግታበታለች። ያምራል፤ አልክድም። ግን አምፕሊፋየር የሚተነፍሰው በላይ በኩል ባለው ቀዳዳ ነው። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ፈሳሽ አላቸው፤ ሙቀት ያደርቃቸዋል። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ሐረር ላይ ቡፌ ውስጥ የሚቆይ እቃ ድሬ ላይ ያን ያህል አይቆይም። ካፓሲተሩ ሲደርቅ ወይም አናቱ ሲያብጥ ነው ያ ሻካራው 100 ኸርዝ የሚመጣው። ኬብል ሁሉ ተነቅሎ፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ስፒከሮቹ ብቻ ቀርተው የሚያጉረመርም ከሆነ ያኔ ጠጋኙ ልክ ነው፤ ይከፈት። ራሳችሁ ለመክፈት ካሰባችሁ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይዘው እንደሚቆዩ እወቁ። ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ዳንቴሉ አሁን ቲቪው ስር ተነጥፏል። የቡፌው በር ክፍት ነው።

ያልተፈታው ዲሹን የሚጋሩት የጎረቤታችን የእትዬ ቤት ነው። እሳቸውም ትንሽ ስፒከር አላቸው፤ ያጉረመርማል። "የናንተ ሲድን የኔ ባሰበት" አሉኝ። ሊብስ የሚችልበት መንገድ አለ። ሁለቱ ቤቶች አሁንም በዲሹ ኬብል እንደተሳሰሩ ናቸው። እኛ የኛን መንገድ ስንዘጋ ጅረቱ ወደ እሳቸው ስፒከር የሚሄድበት ሌላ ክብ ሊኖር ይችላል። የሳቸው ቲቪ ኦፕቲካል የለውም። በቀይና በነጩ ኬብል መሃል የምትገባ፣ ውስጧ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ያላት የድምፅ ማግለያ አለች፤ ቤዙን ትንሽ ትቀንሳለች እንጂ ክቡን ትቆርጣለች። ታይዋን ገበያ ጠይቄ አንዱ ባለ ሱቅ አመጣለሁ ብሎኛል። ካልመጣች ለየብቻ ዲሽ መትከል ነው። ጣሪያው ላይ ማን እንደሚወጣ ግን የእህቴ ባልና የእትዬ ልጅ እስካሁን አልተስማሙም።